ማሪጎልድን ለገበያ ማምረት፦ ለሰሜን ሸዋ አምራች ከገዢው ጀምሮ እስከ ዘሩ

የመጀመሪያ ምርቴን የጫንኩት በማዳበሪያ ጆንያ ነው። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ ስለነበር አበባው ውሃ አዝሏል። መኪናው ከሸዋሮቢት ቶሎ ይነሳል ስላሉኝ ሳላጠፈጥፍ ጠቅጥቄ ሞላሁት። የጣርማበርን ዳገት ጨርሰን ደብረ ብርሃን ላይ ሾፌሩ ቁርስ ሲቀምስ፣ እጄን በአንዱ ጆንያ አፍ ሰደድኩ። ይፋጃል። የተቆለለ ፍግ ውስጥ እጅ ሲገባ የሚሰማው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ደርሰን ስንፈታው ዳር ዳሩ ብርቱካንማ፣ መሃሉ ቡናማ፣ ሽታው የቦካ ሣር ሆኖ ቆየኝ። «ያለህን ሁሉ አምጣ» ብሎኝ የነበረው የሠርግ አስጊያጭ ደግሞ ስልኩን አላነሳ አለ።

ማሪጎልድ ማብቀል ቀላል ነው፤ ዘርቶት ያልበቀለለት ሰው አላየሁም። ከባዱ አበባውን በሚፈለግበት ቀን፣ በሚፈልገው ሰው ደጅ፣ ትኩስ እንደሆነ ማድረስ ነው። ስለዚህ ከሞፈርና ከቀንበር አልጀምርም። ከገዢው እጀምርና ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ዘሩ ላይ እደርሳለሁ። እናንተም በዚሁ ቅደም ተከተል ብትሄዱ የኔን ጆንያ አትደግሙም።

የትኛው ማሪጎልድ?

ሁለት ናቸው። አንደኛው ረጅሙ፣ በዘር ማሸጊያ ላይ «አፍሪካን ማሪጎልድ» የሚባለው፣ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር የሚቆምና እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ትልቅ አበባ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው አጭሩ፣ «ፍሬንች ማሪጎልድ»፣ ከጉልበት በታች የሚቀር፣ አበባው ትንሽ፣ አንዳንዴም ቀይና ቢጫ የተቀላቀለበት ነው። ስማቸው አያሳስታችሁ፤ አንዱም ከአፍሪካ አንዱም ከፈረንሳይ አልመጣም። የሁለቱም አገር ሜክሲኮና አካባቢው ነው። በኪሎ ለሚሸጥ አበባና ለጉንጉን ረጅሙን፣ ለችግኝ ሽያጭ፣ ለአበባ ማስቀመጫና ለመንገድ ዳር አጭሩን ያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ካሌንዱላ የሚባል ሌላ አበባ አለ፤ እሱም በብዙ ቦታ ማሪጎልድ ተብሎ ይሸጣል። ሁለቱ የሚለዩት በዘራቸው ነው። የኛ ዘር እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ገለባ የመሰለ ነጣ ያለ ጭራ ነው። የካሌንዱላ ዘር ግን ቆልመም ያለ፣ ሻካራ፣ የተጠቀለለ ትል የሚመስል ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መዳፋችሁ ላይ አፍስሳችሁ እዩት።

ገዢው ማን ነው?

የመጀመሪያው ሥራ ዘር መግዛት ሳይሆን ሦስት አራት ሰው ማነጋገር ነው። ገዢዎቹ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም።

የሠርግ አስጊያጮች ብዙ ይወስዳሉ፤ ግን በወቅት ነው። የኛ አገር ሠርግ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ላይ ይከማቻል፤ በዐቢይ ጾም የሚያገባ ኦርቶዶክስ የለም። የሚፈልጉት ትልቅ፣ ወጥ ቀለም ያለው፣ አንገቱ ያልተሰበረ አበባ ነው። ከእነሱ ጋር በቃል አትዋዋሉ። ቀብድ ያልከፈለ ሰው ገዢ አይደለም፤ ይህንን ከላይ በነገርኳችሁ ዋጋ ተምሬዋለሁ። ከሚወስደው ሢሶውን ቀድሞ የከፈለ ስልክ ያነሳል።

ጉንጉን ሠርቶ መሸጥም ይቻላል። አንድ ሜትር ጉንጉን እንደ አበባው ስፋት ከ40 እስከ 50 አበባ ይበላል፤ ወፍራም መርፌና ጠንካራ ክር ብቻ ነው የሚጠይቀው። በኪሎ ከመሸጥ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ምክንያቱም እጅ ገብቶበታል። አዲስ አበባ ያሉ ህንዶች ለዲዋሊ በዓላቸው ማሪጎልድ አጥብቀው ይፈልጋሉ። በዓሉ እንደ ጨረቃ አቆጣጠር ከዓመት ዓመት ቢዛወርም ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይውላል። በአገራቸው የበዓልና የጸሎት አበባ ይሄው ስለሆነ ጥራቱን ከናንተ በላይ ያውቁታል፤ ተልካሻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ሦስተኛው ገዢ አበባ ሳይሆን ችግኝ የሚገዛው ነው፦ ሆቴል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ግቢውን የሚያስውብ መሥሪያ ቤት፣ በየከተማው ኮሪደር ልማት ላይ የተሰማራ ተቋራጭ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ላለ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያዋጣው ይህ ነው። ለምን እንደሆነ ውርጩ ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

አራተኛው ዶሮ አርቢ ነው። እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሳ። «መስከረም ላይ ቢጫ አበባ ይፈለጋል፤ እንቁጣጣሽና መስቀል አለ» ይባላል። ይፈለጋል፤ ግን በመስከረም ቢጫ አበባ ተራራው ሁሉ በነፃ ይሰጣል። አደይ አበባን ሕፃናት ከሜዳ ለቅመው ለሚያድሉበት ወር በኪሎ ማሪጎልድ ማድረስ ውሃ ወደ ወንዝ መሸከም ነው። በመስከረም የሚሸጠው በላስቲክ ያለ፣ አብቦ የቆመ፣ በዓሉ ካለፈም ግቢ ውስጥ የሚቆይ ችግኝ ነው።

ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር

ገዢው «ለዚህ ቀን» ሲላችሁ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ረጅሙ ማሪጎልድ ጫፉ ከተቀነጠሰ በቆላ ከዘር እስከ መጀመሪያ ለቀማ 85 ቀን ያህል ይወስድብኛል። ካልተቀነጠሰ 10 ቀን ገደማ ይቀድማል። በወይና ደጋ ሌላ 10 ቀን ጨምሩ። አጭሩ በቆላ በሁለት ወር ያብባል፤ በደጋ ብርድ ግን እስከ 80 ቀን ይሄዳል።

ረጅሙ ዝርያ ቀኑ አጠር ሲል ፈጥኖ የሚያብብ ነው። እኛ ጋ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያብብልናል። ብርዱን ብቻ ነው የምንፈራው።

ቆላ፣ ማለትም ሸዋሮቢት፣ የቀወትና የጀውሃ የመስኖ መሬት። ለጥር ሠርግ ጥቅምት 10 ብትዘሩ ጥር 5 ላይ መልቀም ትጀምራላችሁ። ጥምቀትን አልፎ ሠርጉ በሚበዛበት ሳምንት ማሳው ሙሉ ይሆናል። ለፋሲካ ማግስቱ ሠርግ ግን ቋሚ ቀን አልነግራችሁም፤ ፋሲካ ተንቀሳቃሽ ነው። የዚያን ዓመት ዳግማ ትንሣኤ ፈልጋችሁ 85 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሁለቱን ዘር በሁለት የተለያየ ቁራሽ መሬት ላይ አድርጉት፤ የጥሩን ማሳ እስከ ፋሲካ ላቆየው ያለ ሰው የሚለቅመው የደከመና ጥቃቅን አበባ ነው።

ወይና ደጋ፣ እንደ ምንጃር አረርቲ ያለው። መስኖ ካላችሁ የቆላውን ቀን በ10 ቀን አስቀድሙ። በዝናብ ብቻ ከሆነ ሐምሌ አጋማሽ ዘርታችሁ ጥቅምት ላይ መልቀም ይቻላል፤ ዲዋሊም ይደርሳል።

ደጋ፣ ደብረ ብርሃንና ባሶና ወራና። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ውርጭ ማሪጎልድን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ማታ ለምለም ትቶት የሄደ ሰው ጠዋት የተቀቀለ ጎመን የመሰለ ነገር ያገኛል። ክረምቱ ደግሞ በረዶ ያወርዳል፤ የወፈረ አበባ ውሃ ይጠጣና አንገቱን ይሰብራል። ስለዚህ ደጋ ላይ ሜዳ ሙሉ ረጅም ማሪጎልድ አልመክርም። ይልቅ ሰኔ 15 አጭሩን በፕላስቲክ መጠለያ ሥር ዝሩ፤ 80 ቀን ገደማ ሲሞላው እንቁጣጣሽ ነው።

ዘሩ

ሁለት ዓይነት ዘር ይሸጣል። ዲቃላው ወጥና ትልቅ አበባ ይሰጣል፤ ውድ ነው፣ ከሱ የወሰዳችሁት ዘር ግን እናቱን አይመስልም። ተራው ዘር ርካሽ ነው፤ በየዓመቱ ከማሳችሁ ምርጡን እየለያችሁ ማቆየት ትችላላችሁ። ለጀማሪ ተራውን ብርቱካንማ እመርጣለሁ። ቀለሙ የጠነከረው ለዶሮ መኖም የተሻለ ነው፤ ፈዛዛው ቢጫ እዚያ ላይ ብዙ አይረዳም።

አንድ ግራም ውስጥ 300 ገደማ ዘር አለ። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 100 ግራም በቂና ትርፍ ነው። ግን መጀመሪያ ሞክሩት፦ 50 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በሳምንቱ ከ35 በታች ካቆጠቆጠ ዘሩን መልሱ፤ ካልመለሱላችሁም በዚያው ልክ አብዝታችሁ ዝሩ። ያረጀ የማሪጎልድ ዘር ቶሎ ይሞታል፤ የሁለት ዓመት ዘር አልገዛም።

የችግኝ መደብ

ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ከፍታው አንድ ስንዝር የሆነ መደብ አራት ብታዘጋጁ ለአንድ ጥማድ ይበቃል። አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ሁለት እጅ ለም አፈር። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በጣት መስመር አውጡና ዘሩን አሳስታችሁ ጣሉ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል የተነፋ ኮምፖስት አልብሱና ላዩን ስስ ጭድ በትኑበት።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ብቅ ይላል። የዚያኑ ቀን ማታ ጭዱን አንሡ፤ አንድ ቀን ብትዘገዩ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ክር ይሆናል። አብዛኛው ችግኝ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ይጠቁርና ማታ ቆሞ የዋለው ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለት ነገር አስተካክሉ፦ ማታ ማጠጣት አቁሙ፣ የተጨናነቀውንም አሳሱ። ጠዋት ጠጥቶ እስከ ማታ ላዩ የሚደርቅ መደብ ላይ ይህ በሽታ ብዙም አይዘልቅም።

ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሲሆነው፣ አንድ ስንዝር ያህል ሲቆምና አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ይተከላል። ከመትከላችሁ አራት ቀን በፊት ውሃ ቀንሱበት፤ ትንሽ የተቸገረ ችግኝ ማሳ ላይ ሲወጣ አይደነግጥም።

መሬቱና ተከላው

ማሪጎልድ በአፈር አይኮራም፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን አይወድም። መረሬ፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ ጥቁር መሬት ያላችሁ ውሃውን የሚያወጣ መደብ ሳታበጁ አትትከሉ። እዚህ ላይ ማንንም ማስተማር አይገባኝም፤ የሞረትና ጅሩ፣ የእነዋሪ ገበሬ ስንዴውን በእጁ ባበጀው ሰፊ መደብና ቦይ ላይ ሲዘራ የኖረ ነው። ያንኑ መደብ ለአበባው ተጠቀሙበት።

ለአንድ ጥማድ 50 ኩንታል ያህል የበሰለ ፍግ ከመጨረሻው እርሻ በፊት በትኑ። በተከላ ጊዜ 25 ኪሎ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከሥሩ ጎን ይግባ። 25 ኪሎ ዩሪያ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ከተከላ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ግማሹ ከቀንጠሳ ሁለት ሳምንት በኋላ። «ዩሪያ ጨምሬ አበባ ላብዛ» የሚል ሰው ቅጠል ያበዛል። የጎረቤቴ ማሳ እንዲያ ሆኖ ቁመቱ ደረቴ ድረስ ደርሶ አበባውን በጣት እንቆጥረው ነበር።

በመስመር መካከል 60፣ በተክል መካከል 45 ሳንቲ ሜትር አድርጉ። በጥማድ 9,200 ገደማ ተክል ይወጣዋል። አጭሩን 30 በ30 ትከሉ። ተከላ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ወዲያው ውሃ ይከተል። በሳምንቱ ዞራችሁ የሞተውን ተኩ፤ ከዚያ በኋላ የተተካ በቀድሞዎቹ ጥላ ተውጦ ይቀራል።

ቀንጠሳ

ገበሬው ሁሉ እንቢ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ያበቀልከውን ራሱን ትቆርጠዋለህ?» አሉኝ። እቆርጠዋለሁ፣ ጋሼ።

ከተከላ በኋላ በ25ኛው ቀን ገደማ ተክሉ መሃል ላይ አንድ ራስ ያበጃል፤ ብዙ ጊዜም ትንሽ እምቡጥ ይዞ ነው። ያ ራስ ካልተነካ ተክሉ ኃይሉን ሁሉ ወደሱ ይልካል፤ አንድ ትልቅ አበባ ቀድሞ ይሰጣችሁና ጎኑ ደካማ ይሆናል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ከታች አራት ወይም አምስት ጥንድ ቅጠል ትታችሁ ቀንጥሱት። ቢላም መቀስም አያስፈልግም፤ በጥፍር የማይበጠስ ከሆነ ዘግይታችኋል ማለት ነው። በአሥረኛው ቀን ተመልሳችሁ እዩት፤ ከየቅጠሉ ብብት ቅርንጫፍ ወጥቶ አንዱ ግንድ ስምንት አሥር ይሆናል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አበባ ነው።

ዋጋው መዘግየቱ ነው። ስለዚህ እኔ ሁሉንም አልቀነጥስም፤ ከሦስት መስመር አንዱን እተወዋለሁ። ያልተነካው ቀድሞ ያብብና ለገዢ ናሙና ይሆነኛል፤ እሱ ሲደክም ሌላው ይደርሳል።

ውሃ፣ አረም፣ ድጋፍ

በቆላ በየ5 ወይም 6 ቀኑ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ በየ10 ቀኑ በቦይ አጠጡ። ማበብ ከጀመረ በኋላ ከላይ አትርጩ፤ በአበባው መሃል የተቀመጠ ውሃ ግራጫ ሻጋታ ይጠራል። የመጀመሪያው አረም በሦስተኛው ሳምንት፣ ሁለተኛው ከቀንጠሳው ጋር። በሁለተኛው ጊዜ አፈር ወደ ግንዱ አስታቅፉ፤ ነፋስ የሚጥለው ይህ ያልተደረገለትን ነው።

ተባይ

ሽታው ተባይ ያባርራል ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። በደረቁ ወራት ቀይ ሸረሪት ይመጣል፦ ቅጠሉ በመርፌ እንደተወጋ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቆይቶም ጫፉ ላይ ቀጭን ድር ይታያል። አቧራና ጥማት ያባዙታል፤ የመኪና መንገድ ዳር ያለው መስመር ሁልጊዜ ቀድሞ ይያዛል። ቀድማችሁ ካያችሁት የተያዘውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አቃጥሉ፣ ውሃውንም አታሳጡት።

የሽንኩርት አምራች የሚያውቀው ትሪፕስ የሚባል ጥቃቅን ተባይም አበባው ውስጥ ይደበቃል። አንድ አበባ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉ፤ እንደ ጭረት ቀጭን የሆኑ ነገሮች ሲሮጡ ካያችሁ እሱ ነው። ለዚህም ሲባል ያበበ ማሪጎልድ ከለጋ ሽንኩርት ጎን መትከል አልወድም።

ኬሚካል ከረጫችሁ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ቀን አክብሩ። የተረጨ አበባ ለዶሮ አይሰጥም። ያበበ ማሳ ላይ ደግሞ ንብ አለ፤ መርጨት ግድ ከሆነ ንቡ ከገባ በኋላ፣ ሲመሽ ይሁን።

ለቀማና ጭነት

ሙሉ በሙሉ የተከፈተውን ብቻ ልቀሙ፤ ማሪጎልድ ከተለቀመ በኋላ አይከፈትም። በዋዜማው ማታ ማሳው ውሃ ይጠጣ፤ ጠግቦ ያደረ አበባ ቶሎ አይጠወልግም። ጤዛው ሲለቅ ጀምራችሁ ፀሐይ ሳትበረታ ጨርሱ። አንገቱን ይዛችሁ ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ ስበሩት። ጓንት ብታደርጉ ጥሩ ነው፤ ጭማቂው ጣት ያጠቁራል፣ አንዳንድ ሰውም ያሳክከዋል። በየሦስት ቀኑ ዙሩ። ያረጀውን አልሸጥም ብላችሁ ተክሉ ላይ አትተዉት፤ ዘር ማስያዝ የጀመረ ተክል ማበብ ያቆማል። እንዲህ እየተለቀመ ሁለት ወር ይዘልቃል።

የተለቀመውን ጥላ ሥር በሸራ ላይ በስሱ ዘርጉት፤ ሙቀቱን ያውጣ፣ እርጥበቱንም ይልቀቅ። ከዚያ በቅርጫት ወይም ጎኑ በተበሳ ካርቶን፣ ከሁለት ስንዝር ባልበለጠ ከፍታ ጫኑ። ጆንያ ግድ ከሆነ ቀዳዳ ያለው የሽንኩርት ጆንያ ይሁን፣ ግማሹ ብቻ ይሞላ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይቆለል። ከሸዋሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማታ ተነስቶ የደጋውን ብርድ በሌሊት የሚያቋርጥ መኪና ለአበባው ነፃ ማቀዝቀዣ ነው። ጥላ ሥር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ አትመኑት።

ለዶሮ አርቢው

የኛ ሰው የሐበሻ እንቁላልን ከፈረንጅ እንቁላል የሚለየው ሰብሮ ሲያይ ነው፤ አስኳሉ የጠቆረ ቢጫ ከሆነ ደስ ይለዋል። ያ ቀለም ዶሮዋ ሜዳ ወጥታ ከለቀመችው ቅጠል የመጣ ነው። በቤት ተዘግታ የምትቀለብ ዶሮ ያንን አታገኝም። የማሪጎልድ መልካበባ፣ ማለትም ባለቀለሙ የአበባው ቅጠል፣ ደግሞ ሉቲን በሚባል ቢጫ ቀለም የተሞላ ነው፤ በዓለም ገበያ ማሪጎልድ በሰፊው የሚመረትበት አንዱ ምክንያትም የእንቁላል አስኳል ማቅለም ነው።

አደራረቁ እንዲህ ነው። መልካበባውን ከአረንጓዴው መያዣ ነጥቃችሁ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ወንፊት ላይ በትኑ። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ቀለሙ ይሸሻል። በጣት ሲፈተግ የሚፈረፈር ሲሆን ፈጭታችሁ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ክደኑት። በ100 ኪሎ መኖ ግማሽ ኪሎ ጀምሩ። በአሥረኛው ቀን አንድ እንቁላል ነጭ ሳህን ላይ ስበሩ፤ ካልበቃችሁ ወደ 1 ኪሎ ከፍ አድርጉ። እንቁላሉን ግን «የሐበሻ» ብላችሁ አትሽጡ። አስኳሉ ቀለም አገኘ እንጂ ዶሮዋ አልተለወጠችም፤ ደንበኛ ደግሞ አንድ ቀን ይደርስበታል።

ጊዜውም የገጠመ ነው። ሠርግ በሌለበት በዐቢይ ጾም የሚያብበው ሁሉ ይደርቃል፤ አየሩም ለማድረቅ የተመቸ ነው። እንቁላል ደግሞ የሚፈለገው ጾሙ ሲፈታ ነው።

ከቲማቲምና ከቃሪያ በፊት

ቲማቲማችሁን ስትነቅሉ ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ካያችሁ መሬቱ ኔማቶድ፣ ማለትም ሥር የሚበላ በዓይን የማይታይ ትል፣ አለበት። የማሪጎልድ ሥር ለብዙዎቹ ኔማቶዶች መርዝ የሆነ ነገር ይዟል፤ አጭሩ ዝርያ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ግን በቲማቲሙ መካከል አንድ አንድ ተክል መሰካት ለዓይን እንጂ ለመሬቱ አይጠቅምም። ማሳውን በሙሉ አጥግቦ ቢያንስ ለሁለት ወር ሸፍኖት መቆም አለበት፤ ሲያበቃም እዚያው ታርሶ ይገለበጣል። ሁሉንም ዓይነት ኔማቶድ አይገድልም፤ ቲማቲሙ ግን የሚገባው ሸክሙ በቀለለለት መሬት ላይ ይሆናል። ይህ ጥቅም በደረሰኝ ላይ አይታይም፤ በሚቀጥለው ዓመት ቲማቲም ላይ ይታያል።

ሒሳቡ

በህንድ ጥሩ አምራች ከሄክታር ከ10 ቶን በላይ ያነሳል። እኛ በመጀመሪያ ዓመት በዚያ ማለም የለብንም። በጥማድ ከተከላችሁት 9,200 ተክል 8,000 ቢተርፍና እያንዳንዱ በጠቅላላው 175 ግራም ቢሰጥ 1,400 ኪሎ ነው። ከዚያ ትንሹ፣ የተጎዳውና ሳይሸጥ የቀረው ሲወጣ 1,200 ኪሎ ይቀራል እንበል።

አሁን ወጪያችሁን ሁሉ ጻፉ፦ ዘር፣ ፍግ፣ ማዳበሪያ፣ የፓምፕ ነዳጅ፣ የመሬት ኪራይ፣ የመኪና ጭነት፣ የራሳችሁንና የቤተሰባችሁን ጉልበት ጭምር። ትልቁ ለቀማው ነው፤ የኔ ሠራተኛ ከጠዋት እስከ ረፋድ 20 ኪሎ ይለቅማል፣ ስለዚህ 1,400 ኪሎ 70 የሰው ግማሽ ቀን ይጠይቃል። ለምሳሌ ጠቅላላው 72,000 ብር ቢመጣ፣ ለ1,200 ሲካፈል በኪሎ 60 ብር ነው። ቁጥሩ ለአቆጣጠሩ እንጂ ለዋጋው አይደለም፤ የናንተን አስገቡ። ያ የሚወጣው ቁጥር ወለላችሁ ነው፤ ከሱ በታች ለሚጠይቅ ገዢ ስልክ መዝጋት ነውር አይደለም።

ከዚሁ ሒሳብ አንድ ነገር ይወጣል። 10 ኪሎ እርጥብ አበባ ሲደርቅ 1 ኪሎ ገደማ ብቻ ይቀራል። እርጥቡ በ60 ብር ከቆመባችሁ ደረቁ ገና ሳይፈጭ 600 ብር ገብቶበታል። ስለዚህ «አድርቄ እሸጣለሁ» ብላችሁ አትትከሉ። ማድረቅ ሳይሸጥ ለቀረው፣ ለትንሹና መልኩ ለተበላሸው ነው፤ ለቀማው እንደሆነ ተክሉ ማበቡን እንዲቀጥል ሲባል የግድ ይከፈላል። የራሳችሁ ዶሮ ካለ ያ የተጣለ አበባ ወደ እንቁላል ይገባል።

በመጀመሪያ ዓመት ከሩብ ጥማድ አትለፉ። ማሳው ሲደክም ከጤነኞቹ ተክሎች ሃያ ያህሉን በክር ምልክት አድርጉባቸው፤ አበባቸው ተክሉ ላይ ቡናማ ሆኖ ይድረቅ። ያንን ለቅማችሁ በወረቀት ከረጢት፣ ቀኑን ጽፋችሁ ደረቅ ቦታ ስቀሉት። ለሚቀጥለው ጥቅምት የምትዘሩት እሱን ነው።